የሁለት ሰው ምላሽ

የግራር አምባ ሚዛን ቤት የሚከፈተው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሰልፉ ግን ከአስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይያዛል። ሰዉ ሁሉ ቢጫ ጀሪካኑን እግሩ ስር አስቀምጦ፣ እጁን ጋቢው ውስጥ ከቶ ይቆማል። ከምሰሶው ላይ የተሰቀለው ሬዲዮ ዜና ያነባል።

«የአፈር ማሻሻያ ገበያ ባለፈው ሩብ ዓመት በአስራ አንድ በመቶ አድጓል» አለ ሬዲዮው። «ለዕድገቱ ትልቁን ድርሻ ያበረከተው የሰው ምላሽ ነው።»

ቀና ያለ ሰው የለም። ገበያው፣ ሰልፉ ውስጥ የቆመችው የዝና ገና ሕፃን ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ያድጋል፤ አንድም ጊዜ ቀንሶ አያውቅም። ከገበያው ቀጥሎ የአየር ጠባይ ተነበበ፤ ከዚያ ደግሞ በሳምንቱ የሞቱ ሰዎች ስም በዚያው ድምፅ ተከተለ።

የዝና ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ አንዲት ልጇ አዳማ አግብታ ትኖራለች። በልጅነቷ ለኮመጠጠው አፈር ኖራ በከባድ መኪና፣ ማዳበሪያ ደግሞ በመርከብ ይመጣ እንደነበር ታስታውሳለች። ኖራው ያለበት ተራራ አለቀ፤ መርከቡም ቀረ። የቀረው ሰው ነበር። ደንቡ የወጣው ያኔ ነው፤ ዜጋ የበላውን ለበላበት አፈር ይመልሳል። «ሽንት» ማለት እንዳይከብድ «ምላሽ» ተባለ። እያንዳንዱ ገበሬ ቁጥር የተተኮሰባቸው ሁለት ጀሪካኖች ተሰጡት፤ አንዱ ሚዛን ቤት ሲውል ሌላው ታጥቦ አጥር ላይ ይሰቀላል። ሚዛኑ ክብደቱንም ይዘቱንም በአንዴ ያነባል፤ ውጤቱ በሳምንቱ መጨረሻ በስልክ ይመጣል። ማሳው በክረምት የሚደርሰው ማሻሻያ የሚወሰነው በዚያ ነው።

ተራዋ ሲደርስ ጀሪካኗን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች። በመስኮቱ በኩል ያለው አንሙት የሚባል የሰላሳ ዓመት ሰው ነው፤ እናቱን ታውቃቸዋለች።

«እትዬ የዝና፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ትዋብ ልትወልድ ነው። ዛሬ ነገ ይላሉ። ፈቃድ ስጠኝ።»

«እንኳን ደስ አለዎት። ሰባት ቀን።»

«አራስ በሰባት ቀን ትነሳለች እንዴ?»

«ደንቡ ሰባት ነው። ከዚያ ያለፈ ሰው አፈሳሽ ይባላል። ሃያ አንድ ቀን ከጠፉ ደግሞ ማሳው ይነሳል።»

«አፈር ስሆን አንሙት፣ የበኩር ልጇ እኮ ነው።»

አንሙት በብዕሩ ወደ ግድግዳው አመለከተ። እዚያ «በዚህ ቢሮ ውስጥ አፈር ስሆን ማለት ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ሴትዮ እዚሁ መስኮት ላይ ሦስት ጊዜ ብለውት፣ ሲሞቱ ፍርድ ቤቱ እንደ ኑዛዜ ቆጥሮት ነበር።

«አላልኩም በል» አለች የዝና።

«አልሰማሁም» አለና የሰባት ቀኑን ወረቀት አተመላት።

ማሳ ሲነሳ ምን እንደሚመስል የግራር አምባ ሰው ያውቃል። የሟቹ የሙላት ማሳ ከመንገዱ ዳር ነበር። ማሽን መጥቶ የላይኛውን አርባ ሳንቲ ሜትር አፈር ልጦ፣ በሽፋን መኪና ጭኖ፣ አፈርና ምላሽ ወደሚቀላቀልበት ማዋሃጃ ወሰደው። የቀረው ቢጫ ድንጋያማ መሬት ላይ ቁጥር ያለው ችካል ተተክሎ ቆሟል። ሳር እንኳ አልወጣበትም።

ዞር ስትል ከኋላዋ ሦስተኛ ሆኖ አጉማስ ቆሞ ነበር። አጉማስ ማሳው ከማሳዋ በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ ነው። ሚስቱ ሞታለች፤ ብቻውን ይኖራል። ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የድንበር ድንጋይ ገፍተሃል፣ አልገፋሁም ተባብለው፣ ሽማግሌም ዳኛም ሳያስታርቃቸው ቀርቶ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። በየዝና ቤት ስሙ አይጠራም፤ «ያ ሰውዬ» ነው የሚባለው። ያ ሰውዬ ሰሞኑን ስሙ ገንኗል። የሚያመጣው ምላሽ ከማንም ስለሚበልጥ በሐምሌ ወር «ምስጉን መላሽ» የሚል ሰሌዳ በሩ ላይ ተቸንክሮለታል። ሰልፉ ላይ እንኳ ባለ ሁለት ሊትር ኮዳውን ደጋግሞ ይጎነጫል። ሰዉም ይህን የሚያደርገው ለሰሌዳው ክብር ነው ብሎ ያስባል።

ሁሉን ሰምቷል። የዝናም እንደሰማ አውቃለች። ፊቷን መልሳ ሄደች።

ትዋብ የወለደችው ጥቅምት አስራ ሁለት ቀን፣ በቀዶ ጥገና ነው። ሴት ልጅ ናት። የዝና አዳማ ስትደርስ ልጇ ቀና ማለት አልቻለችም ነበር። ባሏ ኦብሳ በማዋሃጃው ባቡር ላይ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሦስት ቀን ወጥቶ አንድ ቀን ይገባል። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ከሕንፃው መግቢያ ላይ «እንግዳ የሕንፃውን መጸዳጃ መጠቀም አይችልም» ይላል። ሕንፃው ምላሹን በጋራ ነው የሚሸጠው፤ የባዕድ ሰው ምላሽ ከገባበት ደረጃው ይበላሻል። ስለዚህ የዝና የራሷን ጀሪካን በረንዳ ላይ አስቀምጣ በመጋረጃ ከለለችው። ጎረቤቶቹም በረንዳቸው ላይ የእናቶቻቸው ጀሪካን ስላለ ማንም አልተገረመም።

ገንፎ አገነፋች። ሕፃኗን አጠበች። የትዋብን ወገብ በመቀነት አሰረች። በስድስተኛው ቀን ትዋብ ትኩሳት ያዛት፤ ቁስሉ አመርቅዟል ተባለ። ሐኪሙ ቢያንስ አንድ ወር ትተኛለች አለ።

«እማዬ፣ ነገ ሰባት ቀንሽ ነው» አለች ትዋብ ከአልጋው ላይ።

«አውቃለሁ።»

«ማሳው ይነሳል እኮ።»

«ይነሳ።»

«ምን ልትበዪ ነው ታዲያ?»

«አሁን አንቺ ገንፎውን ብዪ።»

ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ማንኪያውን ሁለት ጊዜ አጠበችው።

ቀን ቆጠረች። አስር ሆነ፤ አስራ አምስት ሆነ። በሃያ አንደኛው ቀን ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ «ማሳዎ ተነስቷል» የሚለውን መልእክት ስትጠብቅ ዋለች። ሙላት ሲሞት ለልጆቹ የደረሳቸው እንደዚያ ነበር፤ ሁለት ቃል ብቻ። አልመጣም። በሃያ ሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። ራሷ ልታነበው ስላልደፈረች የትዋብን ቁስል ልታይ ለመጣችው ነርስ ሰጠቻት። ሲስተር ሃዊ ትባላለች፤ ሥራዋን ጨርሳ ጓንቷን እያወለቀች ነበር።

«አንብቢልኝ እስቲ ልጄ። አይዞሽ፣ ምን እንደሚል አውቃለሁ።»

ሃዊ አነበበች። «ውድ መላሽ ወይዘሮ የዝና። የሳምንቱ ምላሽዎ ክብደት፦ ዝቅተኛ። ስኳር፦ በጣም ከፍተኛ። ደረጃ፦ አንደኛ። እንኳን ደስ አለዎት።»

የዝና እጇን ዘረጋች። ሃዊ ግን ስልኩን አልመለሰችም።

«እማማ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?»

«የለብኝም።»

ሃዊ ጣቷን ወግታ ደሟን አየች። «እውነትዎን ነው፤ የለብዎትም። ይሄ ምላሽ የእርስዎ አይደለም።»

«ታዲያ እንኳን ደስ አለሽ የሚሉኝ ምን ሆነው ነው?»

«ስኳር ያለበት ምላሽ አፈር ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ነፍሳት ይቀልባል፤ ቶሎ ያብላላል። ገበያው ይወደዋል» አለች ሃዊ ቦርሳዋን እየዘጋች። «ለሰውየው ግን ጥሩ አይደለም። እንዲህ ያለ ቁጥር ያለው ሰው ውሃ ጠጥቶ አይረካም። ይመላለሳል። ይከሳል። እግሩ ከቆሰለ አይድንለትም። ካልታከመ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይወድቃል። ሰውየውን ያውቁታል?»

«አላውቀውም» አለች የዝና። ይህንም ስትል አጥሯ ላይ ተሰቅሎ የቀረውን ጀሪካን በሐሳቧ እያየችው ነበር። ወደዚያ አጥር ከጎን መንደር የሚመጣ ሰው የለም። ኮዳውን ደጋግሞ የሚጎነጨው አንድ ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው። እጁን አጥሬ ውስጥ ከተተ ብላ ተናደደች። ንዴቱ አንድ ቀን ቆየባት። ሌላ መልእክት መጣ፤ አሁንም አንደኛ ደረጃ፣ አሁንም እንኳን ደስ አለዎት። ከዚያ ሌላ። በየሳምንቱ ስኳሩ ከፍ ይላል፤ ሕፃኗም በየሳምንቱ ትከብዳለች። የዝና ሕፃኗን አቅፋ በረንዳው ላይ ስትቆም ያ ሰውዬ ይታያታል። ሁለት ጀሪካን ይዞ ዳገቱን ሲወርድ ይታያታል።

ልትደውልለት አሰበች። ስልክ ላይ የሚወራው ግን ከአፈር ጋር የተያያዘ ከሆነ ሁሉ ይቀዳል። «ስኳሩ የአንተ ነው» ካለች «ምላሹ የእኔ አይደለም» ማለቷ ነው፤ የሁለቱም ማሳ በአንድ ቀን ይነሳል። ለአንሙትም መናገር አይሆንም። በአካል ሄዶ ከመናገር ሌላ መንገድ የለም፤ ትዋብ ደግሞ ገና ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው።

በአርባ ሰባተኛው ቀን ትዋብ ብቻዋን ተነስታ ልጇን አጠበች። የዝና በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ያን ዕለት ነገሩን ሁሉ ነገረቻት።

ትዋብ ሳቀች፤ ቁስሏን ያዘች። «አጉማስ? አጉማስ ብለሽ ስሙን ስትጠሪ ዛሬ ገና ሰማሁሽ።»

«ይሞታል ነው የምልሽ።»

«ሂጂ በቃ። ክርስትናዋ ጥር ሁለት ነው። ትመለሻለሽ።»

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች። ግራር አምባ አድራ ጠዋት ወደ ሚዛን ቤቱ ስትወርድ አጉማስ ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኙ። ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዟል፤ የእሱንና የእሷን። ሱሪው ወገቡ ላይ በገመድ ታስሯል። ጉንጩ ገብቷል። ፊት ለፊት ቆሙ።

«እንደምን አደርክ» አለች የዝና።

አጉማስ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ሌላ ሰው አልነበረም። «እግዚአብሔር ይመስገን። ጀሪካንሽን እንኪ።»

«ለምን አደረግከው?»

«ላንቺ መስሎሽ ነው? የአንቺ አፈር ከተነሳ የእኔ በክረምት ተንዶ ይወርዳል። የራሴን ማሳ ነው የጠበቅኩት።»

«ለሁለት ሰው የሚሆን ከየት አመጣህ?»

አጉማስ ትንሽ ቀና አለ። «ተሰጥኦ ነው» አለ።

«በሽታ ነው። ስኳር ይባላል። አዳማ ያለች ነርስ ነገረችኝ።»

«አንደኛ ደረጃ የወጣ በሽተኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አሳያት። «ይኸው። እንኳን ደስ አለዎት ይላል። በየሳምንቱ።»

«ለእኔም ይለኛል። ጫማህን አውልቅ።»

«ምን?»

«ጫማህን አውልቅ አልኩህ።»

ለምን እንደታዘዛት እሱም አያውቅም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የግራ ጫማውን አወለቀ። ከአውራ ጣቱ ስር ቁስል አለ፤ ጠርዙ ጠቁሯል። ሽታው እሷ ጋ ደረሰ፤ እሱ ግን የሸተተው አይመስልም።

«እሾህ ነው» አለ።

«መቼ ወጋህ?»

«በሰኔ።»

ጊዜው ኅዳር ሊያልቅ ነበር። ሁለቱም ቁስሉን ተመለከቱት። ከታች ሚዛን ቤቱ ጋ ሬዲዮው ስለ ገበያው ያወራል።

«ብታከም ደረጃዬ ይወርዳል» አለ አጉማስ በመጨረሻ።

«ይወርዳል።»

«አምስት ሳምንት ለሁለት እየከፈልኩ ነው የመዘንኩት። ክብደቴ ዝቅ ብሏል። የያዘኝ ደረጃው ብቻ ነው።»

የዝና ይህን አላሰበችውም ነበር። ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች።

«ቢሆንም ትታከማለህ።»

«አንቺ ምን አገባሽ?»

አዳማ ሳለች ብዙ ነገር አስባ ነበር፤ ይህን ጥያቄ ግን አላሰበችውም።

«አንተ ከሞትክ ከማን ጋር ልጣላ ነው?» አለች።

አጉማስ ጫማውን መልሶ አጠለቀ፤ ክሩን ለማሰር ረጅም ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ፣ «ጤና ጣቢያው በስንት ሰዓት ነው የሚከፍተው?» አለ።

ጤና ጣቢያው በሁለት ሰዓት ነበር የሚከፍተው። መርፌ አስጀመሩት፤ ቁስሉን አጠቡለት። ጣቱን ማትረፍ እንደሚቻል ነገሩት። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ራሱን መውጋት ነበረበት፤ ዓይኑ ስለደከመ ግን ቁጥሩን የምታይለት የዝና ሆነች። አስራ ዘጠኝ ዓመት ያላለፈችበትን ደጅ በቀን ሁለቴ ትረግጠው ጀመር። ብዙም አያወሩም። «ስንት ነው?» ይላል። «አስራ ሁለት» ትላለች። ይወጋል። ትሄዳለች።

በሦስተኛው ሳምንት ኮዳውን ቤት ረስቶት ሄደ። ጀሪካኑም ግማሽ መድረስ አቃተው። በዚያው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ አንዲት ተቆጣጣሪ መጣች። ወይዘሪት ኤልዳና ትባላለች፤ ልጅ እግርና ትሁት ናት። ጫማዋን በር ላይ ጠርጋ ገባች። የዝና ለመርፌው መጥታ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

«አባቴ፣ ደረጃዎ ወርዷል» አለች ኤልዳና።

«ታክሜ ነው።»

«እናውቃለን። ጤና ጣቢያው ሪፖርት ልኮልናል። እንኳን ለዚህ አበቃዎት።» ቦርሳዋን ከፈተች። «ችግሩ ያለፉት ሳምንታት ክብደትዎ ዝቅተኛ ነው። ደረጃው ያካክስልዎት ነበር። አሁን በሦስተኛ ደረጃ ሲሰላ ሩብ ዓመቱ ሲዘጋ ከመስመሩ በታች ይሆናሉ። ማሳው ይነሳል ማለት ነው።»

አጉማስ በመስኮቱ ወደ ማሳው አየ።

«ነገር ግን መፍትሔ አለ። ሕክምና የማቋረጥ መብት አለዎት።» አንድ ወረቀትና የጣት ቀለም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ማንም አያስገድድዎትም። መብትዎ ነው። ይህን ሩብ ዓመት ቢያቋርጡ መስመሩን ያልፋሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንደገና መጀመር ይችላሉ። ካልፈለጉም ቅጹ ይታደሳል። በዞኑ አራት መቶ ሰዎች ፈርመዋል።»

«ደህና ናቸው?» አለች የዝና ከበሩ።

ኤልዳና ወረቀቷን አየች። «አንደኛ ደረጃ ናቸው» አለች።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስለ ሁለቱ ጀሪካኖች አልጠየቅኩም፤ ልብ በሉ። ለገበያው ኪሎ ኪሎ ነው፤ ከማንም ይምጣ» አለች። እንደ ውለታ ነበር የተናገረችው፤ ምናልባትም ውለታ ነበር።

አጉማስ ወደ የዝና ዞረ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

የዝና ወረቀቱን አየች። ይህ ሁሉ የመጣው በእሷ ጀሪካን ነው። ፈርም ብትለው ማሳው ይተርፋል፤ አትፈርም ብትለው ማሳውን የወሰደችበት እሷ ናት። በሙላት ማሳ ላይ ያለው ችካል ታያት።

«የእኔን ግማሽ ታርሳለህ» አለች።

«ድንበሩን ማን ያካልልልናል?»

«ማንም ያካልል፣ አንተ ብቻ እንዳትሆን።»

ኤልዳና ቀለሙን ከፍታ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። አጉማስ አውራ ጣቱን አየ፤ ከዚያ ቀለሙን በክዳኑ ከድኖ መለሰላት።

«እጄን አሁን ነው የታጠብኩት» አለ።

ማሽኑ የመጣው ታኅሣሥ ሃያ ስድስት ነው። ጤፉ ታጭዶ ስለነበር ሥራው ቀላል ነበር። ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይወርድ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሄደ። አፈሩ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይነሳል። አጉማስና የዝና ከእሷ ማሳ ጫፍ ቆመው አዩ። እሷ ስታለቅስ እሱ አላለቀሰም።

«አባቴ የሚያርፍበት ዋርካ እዚያ ጋ ነበር» አለ በእጁ እያመለከተ። ዋርካው ከተቆረጠ ሃያ ዓመት አልፎታል። «ሥሩ እስካሁን አለ። ተመልከች፣ ማሽኑን አስቸገረው።»

እውነትም ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። አራተኛው ላይ ነቀለው።

ሰዓቷን አየችና፣ «መርፌህ ደርሷል» አለችው። እዚያው ቆሞ ሸሚዙን ገልጦ ተወጋ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው መጥቶ ከበሩ ላይ «ምስጉን መላሽ» የሚለውን ሰሌዳ ነቀለ። ምስማሮቹን ግን ተወለት። በማግስቱ አጉማስ ሁለቱን ጀሪካኖቹን ለማስረከብ ሚዛን ቤት ወረደ፤ የዝናም ለክርስትናው ፈቃድ ልታወጣ አብራው ሄደች። አንሙት የእሷን የሰባት ቀን ወረቀት አተመ። የአጉማስን ቁጥር ከመዝገቡ ሰረዘ።

«አያ አጉማስ፣ ጨርሰናል።»

«ፈቃድስ?»

«የምን ፈቃድ?»

«አንድ ቦታ ብሄድ።»

አንሙት ብዕሩን አስቀመጠ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ደንቡን ለማየት መጽሐፉን ገለጠ፤ ሁለት ገጽ አነበበ።

«ማሳ የሌለው ሰው ምላሽ የለበትም» አለ። «የትም መሄድ ይችላሉ። የፈለጉትን ያህል መቆየት ይችላሉ።»

አጉማስ ይህን ደግሞ እንዲነግረው ጠየቀው። አንሙትም ደገመለት። ውጭ ሲወጡ አጉማስ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አየ።

«አዳማ ሙቀት ነው ይላሉ» አለ ቆይቶ።

«ሙቀት ነው» አለች የዝና። «ቀለል ያለ ልብስ ያዝ።»

ታኅሣሥ ሰላሳ ቀን አብረው ተሳፈሩ። ተሳፋሪው ሁሉ ጀሪካኑን ጉልበቱ ላይ ይዟል፤ አጉማስ ብቻ እጁን የሚያሳርፍበት አጥቶ አንዴ ኪሱ ይከታል፣ አንዴ መስኮቱን ይይዛል። ከደጀን ቁልቁለቱን ወርደው ዓባይ ድልድዩ አጠገብ ሲደርሱ አውቶቡሱ ቆመ። ሰዉ ወርዶ በቆርቆሮ በተከለሉት ክፍሎች በር ላይ ጀሪካኑን እንደያዘ ተሰለፈ።

«ዕቃ ያልያዘ አለ?» ብሎ ረዳቱ ጮኸ። ልማዱ ነው እንጂ መልስ አይጠብቅም።

አጉማስ እጁን አወጣ።

ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አየው። «አባት፣ መሬት የለዎትም እንዴ?»

«ተነስቷል።»

ረዳቱ ግራ ገባው። ወደ ሾፌሩ ዞረ፤ ሾፌሩም ትከሻውን ነቀነቀ። «እንግዲያው... ወዲያ» አለና በአገጩ ወደ ቁጥቋጦው አመለከተው።

አጉማስ እያነከሰ ሄደ። ሰዉ ሁሉ ጨርሶ ተሳፈረ። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። የዝና ወድቆ ይሆናል ብላ ደነገጠች፤ ልትወርድ ስትነሳ ከቁጥቋጦው ኋላ ብቅ አለ። ቀስ ብሎ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ምነው ቆየህ?»

«ቆሜ ነበር።»

«ምን ስታደርግ?»

«የሚመዝን ሰው ይመጣል ብዬ ስጠብቅ።»

«መጣ?»

«አልመጣም።»

አውቶቡሱ ዳገቱን ጀመረ። አጉማስ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ወደ ታች፣ ወደ ቁጥቋጦው ያያል። የዝና ጀሪካኗን ከቀኝ ጉልበቷ ወደ ግራው አዛወረችው፤ ከብዷት ነበር።